አህያ ላይ የተቀመጥኩባት ቅዳሜ

በእኛ አገር አህያ ትጫናለች እንጂ ሰው አይቀመጥባትም። በቅሎ ለካህንና ለዳኛ፣ ፈረስ ለጎረምሳና ለለቅሶ፣ አህያ ደግሞ ለእህልና ለማገዶ ናት። ሕፃን ልጅ ከወንዝ ሲመለስ ጀርባዋ ላይ ቢንጠለጠል ማንም አይቆጣውም። ጢም ያወጣ ሰው አህያ ላይ ታየ ማለት ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ቀልቡን ስቷል፣ ወይ እንደ ድሮው ጊዜ ተቀጥቶ በገበያ እየዞረ ነው ማለት ነው። የእኔ ጢም ደግሞ ወጥቶ ብቻ ሳይሆን ሸብቶም ቆይቷል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከሆነው ነገር ወዲህ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰዎች ከኋላዬ በምን እንደሚስቁ ለማወቅ ጆሮ አያስፈልገኝም። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም።

በደኅናው ዘመን እኔም በቅሎ ነበረችኝ። ዲማ አካባቢ አስተማሪ ሳለሁ የገዛኋት ናት። በአንድ የንግሥ ቀን፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ሳለ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ለሹመት እንደተጠራ ሰው ደረስኩ። በቅሎዋ ቆመች፤ እኔ ግን አልቆምኩም። በአንገቷ በኩል አልፌ ጭቃው ውስጥ ተቀመጥኩ። አንድ አዛውንት ቄስ ጎንበስ ብለው አዩኝና «እንኳን ደኅና ገቡ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሄደው በእግሬ ነው። «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» ይላሉ፤ እኔን ግን በቅሎዋ ናቀችኝና አህያ ላይ ደረስኩ።

ነገሩን ያመጡት መጻሕፍት ናቸው። ከሠፈራችን በታች የሕፃናት ማንበቢያ ቤት አለ፤ ቤት ከተባለ። የቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ነው። መጻሕፍቱ በካርቶን ሆነው ከሩቅ ይመጣሉ፤ ገሚሶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ገሚሶቹ ወደ አማርኛ ተመልሰዋል። የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍልን ያለፈች ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን ሙሉ እዚያ እየተመላለሰች አንዱን ስትመልስ ሌላውን ታመጣ ነበር። ዝናብ ሲይዝ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። መነጽሬን አድርጌ በዓይኔ እከታተላለሁ እላት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የማየው ሥዕሉን ነው።

አንድ ነገር ገረመኝ። የፈረንጅ ልጆች መጽሐፍ ውስጥ አህያ ካለች ብዙም ሳይቆይ ደሴት ይመጣል። አህያዋ ስም አላት። ባርኔጣ ታደርጋለች። ልጁ ይቀመጥባታል። አብረው ጀልባ ላይ ይወጣሉ፣ ማዕበል ይነሣል፣ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይጥላቸዋል። እዚያ ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ፣ የተቀበረ ሀብት ይቆፍራሉ፣ እሳት ያነዳሉ፤ ጭሱን ያየ መርከብ መጥቶ ሁሉንም ይዟቸው ይሄዳል። በእኛ ተረት አህያ የምትገናኘው ከጅብ ጋር ነው። ተራኪው ገና አፉን ሲከፍት መጨረሻዋን እናውቀዋለን።

«አባባ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «በእኛ ተረት ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትበላው?»

«ጅብ ስላለን።»

«እነሱ አገርስ ጅብ የለም?»

«የላቸውም መሰለኝ። ያላቸው ባሕር ነው።»

ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ባሕር ይሻላል» አለች።

በቤታችን ውስጥ «አንተ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ልታርማት ብዙ ደከመች፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ስለሚቀንስልኝ ዝም በያት ብዬ ተውኳት።

«ደሴት ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ ሌላ ቀን።

አስተማሪ ስለነበርኩ የማላውቀውን ሁሉ በእርግጠኝነት እመልሳለሁ። «ዙሪያዋን ውሃ የከበባት መሬት ናት» አልኳት።

«አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ! ጣናን አይቻለሁ።» ጣናን ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ያውም ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ግማሹን በጭንቅላቱ ከልሎብኝ። ዕውቀቴ ቀጥኖ እንዳይታይብኝ በዱላዬ ወደ ታች አሳየኋት። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ከበረንዳው ላይ የጨሞጋ ወንዝ ይታያል። «ያቺን አየሻት? ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መሐል ላይ የተዋት ሣር? ብሳና ዛፍ የቆመባት? እሷም ደሴት ናት። ትንሽ ስለሆነች ነው የሚያከብራት የጠፋው፤ እንደ እኔ።»

ልጅቷ ወደ ወንዙ ብዙ ጊዜ አየች። እኔ ጥሩ አስተማርኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ አህያችን መጣች። አህያችን አመድማ ናት፤ ትከሻዋ ላይ እንደ መስቀል የተሠራ ጥቁር መስመር አላት፤ ከጆሮዎቿ አንዱ ጫፉ ተቆርጧል። በሬ ስም አለው፣ ላም ስም አላት፣ ውሻም ስም አለው። አህያ ግን የምትጠራው በባለቤቷ ነው፤ «የእገሌ አህያ» ትባላለች፤ ብትሸጥም የቀድሞው ባለቤት ወሬ እየተከተላት ይሄዳል። ገበያ ላይ አህያ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከማየቱ በፊት «የማን ነበረች? ምን ስትሸከም ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። የልጅ ልጄ ይሄን አልወደደችውም። አንድ ጠዋት ሄዳ ለአህያዋ በተቆረጠው ጆሮዋ ስም ነገረቻት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው።

«አባባ፣ አንተ አህያ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«ኧረ ጉድ! ነውር አይደለም እንዴ!»

«መጽሐፉ ላይ ግን ይቀመጣሉ።»

«መጽሐፉ ላይ አህያዋ ባርኔጣም አድርጋለች።»

«ጌታችንስ? ሆሣዕና ዕለት በአህያ አይደል የገባው?»

«እሱ ጌታ ነው፤ ዝቅ ቢልም ይከብራል። እኔ ብቀመጥባት የምትዋረደው አህያዋ ናት።»

አህያዋ ይሄን ሰምታ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ተስማማች ብዬ ተረጎምኩት።

አሁን ስለ ምራቴ ልንገራችሁ። ልጄ የጭነት መኪና ይዞ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ ይከርማል። ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት፤ እኔንም ጭምር። ሽሮና በርበሬ አስፈጭታ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ የምታመላልስላት ይቺው አህያ ነበረች። ባለፈው ዓመት ግን መንገዱ ተጠረገና ባጃጅ እደጃችን ድረስ መግባት ጀመረ። ባጃጁ በአንድ ጊዜ አህያዋ ጠዋት ሙሉ የምታመላልሰውን ይወስዳል፣ ጭድ አይበላም፣ ማታም ጅብ አይጠራም።

አንድ ምሽት እራት ላይ ምራቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አባባ፣ አህያዋን ልሸጣት ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንድ ሰውዬ መጥቶ ያያታል። የደብረ ኤልያስ ሰው ነው፤ ደኅና ሰው ነው ይላሉ።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ሥራ የላትም። ቆማ ነው የምትበላው።»

«እኔስ ቆሜ አይደል የምበላው?»

«እርስዎን የሚገዛ አላገኘሁም» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ሳቅኩ። ምራቴ ስትናገር እንዲህ ናት፤ የምትለው እውነት ስለሆነ አንድም ቀን ረትቻት አላውቅም። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም። አላለቀሰችምም። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ጉርሻዋን ይዛ ቆየችና «አባባ፣ ጅብ ውሃ ይሻገራል?» አለችኝ።

«አይወድም» አልኳት። ይሄንንም በእርግጠኝነት።

ቅዳሜ ደረሰ። ምራቴ በማለዳ ወደ ገበያ ስትወጣ «ልጅቷን አደራ» አለችኝ። ነሐሴ ቢሆንም ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። ከግድግዳው ሥር በርጩማዬን አኖርኩና ላስብ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳስብ አንዳንዴ በአፍንጫዬም ስለማስብ ጎረቤት ይሰማል። ዓይኔን ስገልጥ ግቢው ጭር ብሏል። በረቱ ባዶ ነው። መጽሐፉ ከመስኮቱ ላይ የለም። ድፎ ዳቦው ተገምሷል። ራሴን ስዳብስ ባርኔጣዬም የለም።

በጭቃው ላይ የአህያ ኮቴና የትንሽ ጎማ ጫማ ዱካ ጎን ለጎን ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ዱካ ለመከተል አዳኝ መሆን አላስፈለገኝም። ከወንዙ ዳር ስደርስ ሁለቱም ብሳናው ሥር ናቸው። ልጅቷ ሥሩ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። አህያዋ ሣር ትግጣለች። ባርኔጣዬን ያደረገችው አህያዋ ናት፤ ጆሮዎቿ ከሥሩ ወደ ጎን ተጣጥፈው። ክፉው ነገር ደግሞ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ማማሩ ነው።

ወንዙ ከዚህኛው በኩል ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ተሻገርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ደሴት ላይ ነን።»

«ይታያል። ተነሺ እንሂድ።»

«ሰውየው ሲሄድ እንመጣለን።»

«ዛሬ ቢሄድ በሌላ ቅዳሜ ይመጣል።»

«በሌላ ቅዳሜም እዚህ እንመጣለን።»

«ይሄን ብልሃት ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነህ። ደሴት ናት ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ስለዚህ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴም ለመቀመጥ ምክንያት እየፈለገ ነበር። ከዳቦው ቆርሳ ሰጠችኝ። እየበሉ መቆጣት አይቻልም። ልጅቷም ይሄን ታውቃለች መሰለኝ ከተውነው ገጽ ጀምራ ማንበቧን ቀጠለች። ያ መጽሐፍ የሚተርከው ስለ አንድ የወፍጮ ቤት አህያ ነው። ወፍጮው ሞተር ሲገባለት አህያዋ ትርፍ ትሆናለች፤ የባለቤቱ ልጅ ሰርቃት በጀልባ ትሸሻለች። የልጅ ልጄ ይሄኛውን መጽሐፍ መልሳ መላልሳ የምታነበው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዘግይቶም ቢሆን የሚገባኝ ሰው ነኝ።

ጨሞጋ ተንኮለኛ ወንዝ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ጮቄ ተራራ ላይ ነው፤ ውሃው ግን እኛ ጋ ይደርሳል። እኛ ፀሐይ እየሞቅን ነው፤ የጮቄ ራስ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ጀልባው ማዕበል ውስጥ ገብቶ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁም። መጀመሪያ አህያዋ አንገቷን አነሣች። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ከዚያ ውሃው መልኩን ቀየረ፤ ቡና መሰለ፣ ወፈረ፣ ቅርንጫፍ እያንከባለለ በሁለቱም በኩል ሞላ።

ልጅቷ ጋቢዬ ውስጥ ገባች።

«ይወስደናል?»

«አይወስደንም። ይሄ ብሳና ከእኔ ይበልጣል፤ ውሃ ሥሩን ሲነካው አልታየም። ቁጭ ብለን ማለፉን እንጠብቃለን።» ይሄኛውን የተናገርኩት በእውነት ስለማውቀው ነው፤ ልጅቷም ለውጡን ከድምፄ ስለለየችው ተረጋጋች።

እንዲህ ሆነን ደሴተኞች ሆንን። ስለ ደሴት ኑሮ ለማያውቅ ልንገረው፤ መጽሐፉ ላይ እንዳለው አይደለም። ፍሬ የለም። ብሳና ፍሬው አይበላም። ዳቦው አልቋል። የተቀበረ ሀብት ፍለጋ ልጅቷ በእንጨት ቆፈረችና አንድ ነጠላ የላስቲክ ጫማ አወጣች።

«ሀብት ነው?»

«አንድ እግር ላለው ሰው ሀብት ነው።»

ጫማውን አጥባ ብሳናው ላይ ሰቀለችው። «መርከብ እንዲያየን» አለች። ከአፍታ በኋላ እውነትም መርከብ መጣ፤ ጃንጥላ የያዘ መርከብ። ጎረቤታችን መሪጌታ ከገበያ ሲመለሱ በወዲያኛው ዳር ቆመው ዓይናቸውን አጠበቡ። መሪጌታ ከእኔ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው፤ ሥራቸው ቅኔ ማስተማር፣ ትርፍ ሥራቸው እኔን መንካት ነው።

«አንቱ! ምን ሆነው ነው እዚያ?»

«ተሰደን ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከማን?»

«ከአህያ ገዢ!»

«እኔማ ሊመንኑ መስሎኝ! ሴት አህያ ይዞ ምን ምናኔ አለ!»

ጮክ ብለው ስቀው ሄዱ። ገመድ ሊያመጡ የሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሰው ሊያመጡ ኖሯል። ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛው በዚያ መንገድ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ዳሩ ሰው በሰው ሆነ። ቅርጫት የተሸከመች፣ በግ የሚጎትት፣ ጨው የያዘ፣ ሁሉም ቆሞ ያየናል። መጨረሻ ላይ ምራቴ እየሮጠች ደረሰች። ከኋላዋ ጋቢ የለበሰ ረጋ ያለ ሰውዬ ይከተላታል። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ሰው ሁሉ እኛን ሲያይ እሱ ብቻ የአህያዋን እግር ያያል።

«ልጄ! ደኅና ነሽ?» አለች ምራቴ።

«ደኅና ነኝ! እማዬ፣ አትሽጫት!» ልጅቷ የአህያዋን አንገት አቀፈች።

ምራቴ ወደ ግራና ቀኝ አየች። ሰው ሁሉ ይሰማል። «መጀመሪያ ተሻገሪ፤ ስትሻገሪ እንነጋገራለን» አለች። እናት ሰው ፊት እንነጋገራለን ካለች ነገሩ እንዳለቀ እኔም አውቃለሁ፣ ልጅቷም ታውቃለች።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ግን አልፈሰሰም። «አባባ፣ መጽሐፉ ላይ መርከቡ ሲመጣ አህያዋንም ይዟት ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«እዚህስ?»

አስተማሪው ዞሮ ውሃውን አየ።

ደራሽ ውሃ እንደ አመጣጡ ነው አካሄዱም። ውሃው ውስጥ የማውቀው አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ራሱ ብቅ ማለት ጀመረ። አንድ ብርቱ ጎረምሳ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ፣ ሌሎች ከዳር ይዘውለት ወደ እኛ ተሻገረ። ውሃው ጭኑ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷን ትከሻው ላይ ሊያደርጋት ሲል እንቢ አለች።

«አህያዋን እኔ አመጣታለሁ» አልኳት።

«ለእሱ ልትሰጠው?»

«ለማንም ልሰጥ አይደለም። ይዣት እመጣለሁ ነው ያልኩሽ።»

አየችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አይቶኛል፤ እንደዚያ የመረመረኝ የለም። ከዚያ በጎረምሳው ትከሻ ላይ ወጣች፤ መጽሐፉን ራሷ ላይ ደፍታ ተሻገረች። እናቷ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

«አባት!» አሉኝ ከዳር፣ «ትንሽ ይታገሡ፣ እየጎደለ ነው! በእግርዎ ይመጣሉ!»

እየጎደለ እንደሆነ እኔም አይቻለሁ። ታግሼ በእግሬ ብሻገር ግን አህያዋ ከኋላዬ በገመድ ትመጣለች፤ ገመዱን ሰውየው ይቀበለኛል፤ ነገሩ አለቀ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ ሲመጣልኝ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ጭቃ ነው፤ ቢሆንም አልተውኩትም። ምራቴን አውቃታለሁ። ለራሷ አታፍርም፤ ለቤቷ ስም ግን ትሞታለች።

አህያዋን ወደ ብሳናው ሥር ሳብኳት። በሥሩ ላይ ወጣሁ፣ አንድ እግሬን አነሣሁ፣ በወዲያኛው በኩል ወደቅሁ። ከዳር አንዲት ሴት «እመቤቴ!» አለች። ተነሥቼ እንደገና ሞከርኩና ተቀመጥኩ። አህያዋ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዲማ ላይ በቅሎዋም እንዲሁ አይታኝ ነበር። ይቺ ግን አልጣለችኝም። ጆሮዋን ከባርኔጣዬ ሥር አንዴ አርገብግባ ወደ ውሃው ገባች።

እኔ ሽማግሌው፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የስንቱ አስተማሪ፣ እግሮቼ ውሃ እየነኩ፣ ባርኔጣ ባደረገች አህያ ላይ ባዶ ራሴን ተቀምጫለሁ። ከዚያ የመሪጌታ ድምፅ ዳሩን ሞላው።

«ሆሣዕና በነሐሴ!»

የሳቁን ነገር ተዉት። የያዘውን ቅርጫት የጣለ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሣር ነጭቶ ወረወረልኝ። አህያዋ በመሐል ወንዝ ላይ ቆመች፤ ልትጥለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እየተነፈሰች፣ ጠግባ። የሚሸከመው ሲጠማው ሸክሙ ምን ይላል? ከፍ ብዬ ስጠብቅ ከሰዉ መሐል የልጅ ልጄን አየኋት። የምትስቅ እሷ ብቻ አልነበረችም፤ እንደ እሷ የሚስቅ ግን አልነበረም። መጽሐፉን ገልጣ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እኛን ታያለች።

ዳር ስደርስ ሦስት ሰው አወረደኝ። ሰውየው መጣና የአህያዋን እግር ዳበሰ፣ ወገቧን ጫን ጫን አደረገ። የሳቀ አይመስለኝም። «ብርቱ ናት» አለ ለምራቴ። «ሰው ተሸክማ ደራሽ ውሃ ተሻገረች። እወስዳታለሁ።»

ምራቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ቆማ ነበር። «አልሸጥም» አለች።

«እንዴ፣ ተነጋግረን አልነበር?»

«ተነጋግረን ነበር። አሁን ብሸጥልህ ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ‹የማን ነበረች?› ሲሉህ ምን ልትል ነው? ‹እገሌ የተቀመጠባት› ልትል አይደል? ከአንተ የሚገዛውም እንደዚያው። እስክትሞት ድረስ የአማቴን ስም ይዛ በየገበያው ልትዞር! አይሆንም። የቤታችን ጉድ ቤታችን ይቅር።»

ሰውየው ጢሙን ዳበሰ። ሊከራከር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝና «ልክ ነሽ» አላት። «እኔም ብሆን አልሸጥም ነበር።» ጋቢውን አስተካክሎ ሄደ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እያበሱ። ከዚያ ጫማዬ ደሴቷ ላይ መቅረቱን ሲያዩ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው በእግራቸው ተሻገሩና አመጡልኝ። ውሃው ጉልበታቸው ጋ አልደረሰም። ጫማውን ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ እኮ፣ አንቱ፣ በእግርዎ ይመጡ ነበር።»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል» አሉ፤ ይሄኛውን ግን ሳይስቁ።

ወደ ቤት ስንወጣ ልጅቷና አህያዋ ከፊት፣ እኔና ምራቴ ከኋላ ነበርን። ዳገቱ ተጋመሰ። ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

«ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

«አሁንማ ተሽሎታል።»

«እንደጠረጠርኩት» አለችና ወደፊት አለፈችኝ። ከኋላ ስትታይ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ማታውን ልጄ ከደጀን ደወለ። ወሬው ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ጋ ቀድሞን ደርሷል። «አባዬ፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው ስለው ስልኩን ለጓደኞቹ አቀበላቸው።

አህያዋ አሁን ማገዶና ውሃ ታመላልሳለች፤ ቀላል ሥራ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቆማ ትበላለች። ከእኔ ጋር ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ምራቴ ውጪ ሆና ስትጣራ ሰማኋት። ልጇን የጠራች መስሎኝ ነበር፤ ልጅቷ በጆሮ የነገረቻትን ያንን ስም ነው የጠራችው። አህያዋም መጣች። እኔ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ ታምነኛለች።

የልጅ ልጄ አዲስ መጽሐፍ አምጥታለች። ዛሬ በረንዳው ላይ ጣቷን አንድ ሥዕል ላይ አድርጋ «አባባ፣ ጀልባ ከምን ይሠራል?» አለችኝ።

ወደ ወንዙ አየሁ። ከጓሮ የተደረደረውን አጣና አየሁ። እሷም አጣናውን አየች።

«አላውቅም» አልኳት። ስጠየቅ ይሄን ቃል ስል የመጀመሪያዬ ነው።